ዋጋው ቀለል ያለ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ከመግዛቴ በፊት እንዴት ልፈትነው?

ሽምብጥ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ አባላት። ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ኑሮዬ ቴክሳስ ሲሆን ለዕረፍት ቤተሰቤ ዘንድ ስለ መጣሁ ይህን የምጽፈው ከዚሁ ከሐይቁ ዳር ሆኜ ነው። እዚያ የአደን ፈቃድ አውጥቼ፣ ባለቤቶቹ በፈቀዱልኝ እርሻዎች ላይ፣ መሬቱን እየቆፈሩ ሰብል የሚያጠፉትን ወደ ዱር የገቡ አሳማዎች አድናለሁ። አገሩ ቁጥቋጦ የበዛበት በመሆኑ እንስሳቱን የምናገኛቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ሜትር ባነሰ ርቀት ነው፤ የመጀመሪያው ጥይት እንደ ተተኮሰም መንጋው ስለሚበተን፣ በየተኩሱ በሚቀባበለው ጠመንጃዬ ለመድገም ጊዜ አላገኝም። ስለዚህ ሳያቀባብሉ ሁለት ጊዜ የሚተኩሱበትን ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ለመግዛት አስቤአለሁ።

የእንግሊዞቹ የእጅ ሥራዎች ዋጋ ከ100 ሺህ ፓውንድ በላይ እንደሚሄድ አውቃለሁና እነሱን አልመኝም። የምኖርበት ከተማ ያለ አንድ ሱቅ ግን ያገለገለ የሩሲያ ባይካል ኤምፒ 221 ይሸጣል። አፈሙዞቹ ጎን ለጎን ናቸው፤ የሚጎርሰው 45-70 የሚባለውን ጥይት ነው፤ የተጠየቀበት ዋጋም ከአንድ ደኅና ባለ መነጽር ጠመንጃ ዋጋ እምብዛም አይርቅም። ባለ ሱቁ ገንዘቡን ከመክፈሌ በፊት በተኩስ መለማመጃ ሜዳ እንድሞክረው ተስማምቷል። እንግዲህ ስመለስ ምኑን ምኑን ልመርምር? ሜዳው ላይስ እንዴት ተኩሼ ልፈትነው?

ሁለተኛ ጉዳይም አለኝ። ፎገራ ያሉት አጎቴ ወሬውን ከሰሙ ወዲህ «ይህንማ ይዘህልን ና፤ ጉማሬው ሩዛችንን ፈጀው» ይሉኛል። እኔ ደግሞ አንድ ቀን ይህንኑ ጠመንጃ ይዤ ባሌ ለደጋ አጋዘን አደን ብሄድ እያልሁ አስባለሁ። የሁለቱንም ነገር የሚያውቅ ቢያስረዳኝ አመሰግናለሁ።

ጋርዶኔ

እኔም የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ ሰሜን ጣሊያን፣ ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ ውስጥ በጠመንጃ ሥራ እተዳደራለሁ። የአጎትዎን ጉዳይ ለሚያውቁት ትቼ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ብቻ እጽፋለሁ።

ብዙ ሰው ሁለቱ አፈሙዞች ትይዩ ሆነው የተጋጠሙ ይመስለዋል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ጥይቶቹ አንድ ቦታ አያርፉም ነበር። ምላጩ ተስቦ ባሩዱ ሲነድ፣ ጥይቱ ገና ከአፈሙዙ ሳይወጣ ጠመንጃው ወደ ኋላ መግፋትና ወደ ላይ መነሣት ይጀምራል፤ የቀኙ አፈሙዝ ከመካከለኛው መስመር በስተቀኝ ስላለ ወደ ቀኝ፣ የግራውም ወደ ግራ ይሸሻል። ይህን ለማካካስ ሠሪው አፈሙዞቹን ወደ ጫፋቸው እየተቀራረቡ እንዲሄዱ አድርጎ ያጋጥማቸዋል። የመቀራረቡ መጠን በስሌት ብቻ ተደርሶበት አያውቅም፤ በነባሩ አሠራር በመካከላቸው ሽብልቅ ይገባል፣ ይበየዳል፣ ይተኮሳል፣ ብየዳው በሙቀት ይለሰልስና ሽብልቁ ጥቂት ይገፋል፣ እንደ ገና ይተኮሳል፤ ሁለቱም ጥይቶች በተወሰነው ርቀት ጎን ለጎን እስኪያርፉ ድረስ እንዲሁ ይቀጥላል። የውድ ጠመንጃ ዋጋ ዋናው ምክንያት ይህ ነው። ርካሹ ደግሞ የሚረክሰው ይህ ድካም በከፊል ስለሚቀርለት ነውና ምርመራዎም ከሁሉ አስቀድሞ ወደዚሁ ያዘንብል።

አንዳንድ አምራቾች ሽብልቁን በመግፋት ፈንታ የአፈሙዙን ጫፍ ከውስጥ በኩል በአንድ ጎኑ ሞርደው ጥይቱ ወደሚፈልጉት አቅጣጫ እንዲያዘነብል ያደርጋሉ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንዎም በጣትዎም ካረጋገጡና ከፍተው አፈሙዞቹን ወደ ታች ካጎነበሱ በኋላ በአፈሙዙ ጫፍ ላይ የባትሪ ብርሃን አብርተው ይመልከቱ። ጠመዝማዛዎቹ ቦዮች ዙሪያውን እኩል ሆነው እስከ ጫፉ ካልደረሱ፣ በአንደኛው ወገን ደግሞ ብረቱ ተፍቆ የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ ያን ጠመንጃ ባይነኩት ይሻላል። በአንድ ዓይነት ጥይት በደንብ ቢተኩስ እንኳ ጥይቱ ሲለወጥ የት እንደሚመታ አይታወቅም።

እርስዎ የጠቀሱት ባይካል በዚህ ረገድ የተለየ ጠባይ አለው። አፈሙዞቹ በጫፋቸው መካከል ባለ ማስተካከያ ሊጠብቡና ሊሰፉ ይችላሉ፤ ፋብሪካው የቀነሰውን ድካም ለገዢው ትቶለታል ማለት ነው። በበኩሌ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም፤ ትዕግሥት ላለው ሰው እንዲያውም ጥቅም ነው። ነገር ግን ያገለገለ በመሆኑ፣ የቀድሞው ባለቤት ብሎኖቹን በማይሆን መፍቻ አላግቶ ጥርሳቸውን በልቶ እንደ ሆነ ያጣሩ።

ከዚያ አፈሙዞቹ ከጠመንጃው አካል ጋር የሚገናኙበትና የሚታጠፉበት መጋጠሚያ ይከተላል። የዚህ ጠመንጃ አካል የተወለደው ከወፍ ማደኛ ጠመንጃ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ የተለመደው የ12 ቁጥር የወፍ ማደኛ ጥይት በአውሮፓ መለኪያ የሚፈቀድለት ከፍተኛ ግፊት 740 ባር ሲሆን 30-06 የሚባለው ፈጣን የጠመንጃ ጥይት 4,050 ባር ይደርሳል። 45-70 እ.ኤ.አ. በ1873 ለአሜሪካ ጦር የወጣ አሮጌ ጥይት ስለ ሆነ በአሜሪካ መለኪያ ግፊቱ ከ28 ሺህ ፒኤስአይ ማለትም ከ1,930 ባር ገደማ አያልፍም፤ ስለዚህ ሱቁ 30-06 የሚጎርሰውንም አቅርቦልዎት ቢሆን ኖሮ ይህኛውን ይውሰዱ እል ነበር። ሌላም ምክንያት አለኝ፦ የ45-70 ቀለህ በግርጌው ከንፈር ማለትም ወጣ ያለ ጠርዝ ስላለው ማውጫው በቀላሉ ይይዘዋል፤ 30-06 ግን ከንፈር ስለሌለው እንደዚህ ባለ ተጣፊ ጠመንጃ ላይ የሚወጣው ሞላ (ስፕሪንግ) ባላት ትንሽ ጥርስ ነው፤ ያች ጥርስ ስትደክም ቀለሁ ውስጥ ይቀራል።

የመጋጠሚያውን ጥብቀት ለማወቅ የፊተኛውን የእጅ መያዣ እንጨት ያውልቁ፤ ጠመንጃውን ዘግተው ሰደፉን በብብትዎ ይያዙና አፈሙዞቹን ወደ ጎንና ወደ ላይ ይወዝውዙ። እንጨቱ በቦታው ሳለ የተሸፈነ መላላት ያን ጊዜ በእጅ ይታወቃል። ቀጥለው ወደ መብራት አቅንተው በአፈሙዞቹ ግርጌና ግርጌው በሚገጥምበት የጠመንጃው አካል ገጽ መካከል ብርሃን ያልፍ እንደ ሆነ ይዩ። የመክፈቻውን እጀታም ልብ ይበሉ፤ አዲስ ጠመንጃ ሲዘጋ እጀታው ከመካከል ጥቂት ወደ ቀኝ ይቆማል፤ አልፎ ወደ ግራ የሄደ ከሆነ መቆለፊያው ብዙ ተበልቷል። አፈሙዞቻቸው እስከ ጫፍ የተበየዱ ጠመንጃዎችን ለብቻቸው በመንጠቆ አንጠልጥሎ በእንጨት መታ በማድረግ መፈተን የተለመደ ነው፤ ጥርት ብለው ከደወሉ ብየዳው ደኅና ነው፣ ከታፈኑ የሆነ ቦታ ለቋል። ለእርስዎ ባይካል ግን ይህ አይሠራም፤ ደንቆሮ ድምፅ ቢሰጥ አይደንግጡ።

አሁን ወደ ሜዳው እንሂድ። አፈሙዙን በጠንካራ ነገር ላይ አያስደግፉ፤ ሲተኮስ ከድጋፉ ስለሚዘል የማስተካከሉን ሥራ ሁሉ ያበላሽብዎታል። የፊት እንጨቱን በግራ እጅዎ ጨብጠው እጅዎን በአሸዋ ከረጢት ላይ ያሳርፉ። መጀመሪያ አንዱን አፈሙዝ ብቻ ያጉርሱ። ለዚህ ሙከራ በሌላው ውስጥ ባዶ የመለማመጃ ጥይት ይጨምሩ፤ ከተኮሱ በኋላ ጠመንጃውን ሳይከፍቱ የሁለተኛውን ምላጭ ይሳቡ። «ጠቅ» ካላለ፣ መምቻው በመጀመሪያው ተኩስ ንቅናቄ በራሱ ወድቋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ሁለቱንም ጥይት ባንድ ጊዜ ትከሻዎ ላይ ሊያፈነዳ ስለሚችል ምንም ያህል ቢረክስ አይግዙት። ይህን በሁለቱም አፈሙዞች ደጋግመው ይሞክሩ።

ይህን ካለፈ በ50 ሜትር ላይ ኢላማ ያቁሙ። ቀኙን ተኩሰው በ10 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ግራውን ያስከትሉ፤ ከዚያ ከፍተው አፈሙዞቹ በእጅ ሲዳሰሱ እስኪቀዘቅዙ ይጠብቁ። ብዙ ሰው የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው፤ አከታትሎ ይተኩስና ብረቱ ሞቆ የሰጠውን ውጤት የጠመንጃው ጠባይ ያደርገዋል። የሚፈለገው የቀኙ ጥይት ጥቂት በስተቀኝ፣ የግራው ጥቂት በስተግራ እንዲያርፍ ነው። ከየአፈሙዙ ሁለት ሁለት ተተኩሶ አራቱም ከ10 ሳንቲ ሜትር በማይሰፋ ክብ ውስጥ ቢገቡ ለእርስዎ አሳማ ከበቂ በላይ ነው። ጥይቶቹ ከተሻገሩ፣ ማለትም የቀኙ በግራ የግራውም በቀኝ ካረፈ፣ አፈሙዞቹ ከሚገባው በላይ ተቀራርበዋል ወይም ጥይቱ ለዚህ ጠመንጃ ፈጣን ነው። በጣም ከተራራቁ ደግሞ ነገሩ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ዘገምተኛ ጥይት በአፈሙዙ ውስጥ ስለሚቆይ አፈሙዙ ይበልጥ እስኪሸሽ ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ ማስተካከያውን ከመንካትዎ በፊት በሌላ ዓይነት ጥይት ይሞክሩ።

ዱካ ተከታይ

ልጄ፣ ጋርዶኔ የሚባለው ወንድማችን የጻፈው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ከአዳኞች ጋር ዱካ እየተከተልሁ በባሌና በአርሲ ተራሮች ብዙ ዘመን የሠራሁ ሰው ነኝ፤ አሁን ጡረታ ወጥቼ ባሕር ዳር ተቀምጫለሁ። ባሌን በተመለከተ ግን ሐሳብህን እንድትለውጥ እመክርሃለሁ። የደጋ አጋዘን የሚታደነው ከሸንተረር ወደ ሸንተረር ነው፤ አስታ በሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ቆሞ በመነጽር ይፈለጋል፣ ተኩሱም አብዛኛውን ጊዜ 200 ሜትርና ከዚያ በላይ ይሆናል። ያንተ ጠመንጃ በግልጽ ማነጣጠሪያ በ50 ሜትር የተስተካከለ፣ ጥይቱም ከባድና ዘገምተኛ ነው። ከ45-70 የተተኮሰ 26 ግራም ጥይት፣ የተለመደው ዓይነት ከሆነ፣ ከአፈሙዙ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 400 ሜትር ገደማ ነው፤ በ200 ሜትር ላይ መውደቁን በግምት ማካካስ ይኖርብሃል፤ ያን የመሰለ ብርቅ እንስሳ ደግሞ በግምት አይተኮስበትም። አቁስሎ ማስመለጥ በዚያ ሙያ ትልቁ ነውር ነው፤ የቆሰለውም እንስሳ ለአዳኙ እንደ ተገደለ ተቆጥሮ ይከፈልበታል።

ስለ አተኳኮስም አንድ ነገር ልጨምር። ምላጮቹ ሁለት ናቸው፤ የፊተኛው የቀኙን፣ የኋለኛው የግራውን ይተኩሳል። ሌባ ጣትህን ከፊተኛው ወደ ኋለኛው ስታዛውር እጅህ በሰደፉ አንገት ላይ ጥቂት መንሸራተት አለበት። ይህን በባዶ ጠመንጃ፣ በመለማመጃ ጥይት፣ ቤትህ ውስጥ እስኪሰለችህ ድረስ ተለማመድ። ሁለት ጣቱን ባንድ ጊዜ በሁለቱ ምላጮች ላይ የዘረጋ ሰው ግን በጫካ ውስጥ ከእኔ ፊት እንዲሄድ ፈቅጄለት አላውቅም።

ፎገራ ዳር

ስለ ጉማሬው ጉዳይ እኛ የምንኖርበት እንናገር። የጠያቂው አጎት የሚሉት እውነት ነው። ጉማሬ ሌሊት ከሐይቁ ወጥቶ ሩዝ ውስጥ ሲገባ የሚበላው ብቻ አይደለም ጉዳቱ፤ በእግሩ የሚረግጠው ይብሳል። እኛ እሳት እናነዳለን፣ ቆርቆሮ እንደበድባለን፣ ማማ ላይ እናድራለን፤ ከዚያ በኋላም ጠዋት ስንነቃ ዳር ዳሩ ያለው ማሳ ተደፍጥጦ የምናገኝበት ጊዜ አለ። ለሚመለከተው አካል አመልክተን ካሳም መፍትሔም ሳናገኝ የቀረንበት ዓመት ብዙ ነው። በጥንት ጊዜ ነገደ ወይጦ በታንኳ ሆነው በጦር ያድኑት ነበር፤ ያ ቀርቷል። እንግዲህ በሕግ የተፈቀደለት ሰው መጥቶ አንድ ሁለቱን ቢመታልን ምን ነውር አለው? ይህን የምጠይቀው ለመከራከር ሳይሆን ከልቤ ነው።

ዱካ ተከታይ

ወንድሜ ፎገራ ዳር፣ ብሶትዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን ሌሊት በጭለማ በጉማሬ ላይ በ45-70 መተኮስ ለተኳሹም ለጎረቤቱም አደጋ ነው። የቆሰለ ጉማሬ ወደ ውኃው ለመመለስ በመንገዱ የቆመውን ሁሉ ይገፋል፤ በማግሥቱ ጠዋት በታንኳ ደንገል ለማጨድ ወይም ዓሣ ለማስገር የሚወጣው ሰው ደግሞ የሌሊቱን ነገር አያውቅም። በማሳው ዳር ጉማሬው በቀላሉ የማይሻገረው ጥልቅ ቦይ መቆፈርና ሰብሉ በሚደርስበት ወር ተራ ገብቶ መጠበቅ አድካሚ ቢሆንም ከተኩስ ይሻላል።

የሕግ ባለሙያ

በሕግ በኩል ያለው እንዲህ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ማንም ሰው ሕጉ ከሚመለከተው ተቋም ፈቃድ ሳያገኝ የጦር መሣሪያ ወደ አገር ማስገባትን፣ መያዝንና ለሌላ ማስተላለፍን ይከለክላል። የአደን ጠመንጃ መሆኑ ከዚህ አያወጣውም። ስለዚህ ጠያቂው ጠመንጃውን በሻንጣ ይዘው መጥተው ለአጎታቸው ቢሰጡ፣ ያስገባውም የተቀበለውም ይጠየቃሉ። በቤተሰብ መካከል የተደረገ ስጦታ መሆኑም መከላከያ አይሆንም።

አደንን በተመለከተ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና ይህንኑ ለማስፈጸም የወጣው ደንብ ቁጥር 163/2000 አሉ። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው፤ ሰብል የሚያጠፋ እንስሳ ቢሆንም ርምጃው የሚወሰደው በሚመለከተው አካል ወይም በእሱ ፈቃድ እንጂ በግለሰብ ውሳኔ አይደለም። የጣና አካባቢ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ስለዚህ ፎገራ ዳር ለጠየቁት፣ «በሕግ የተፈቀደለት ሰው» የሚባለው ከውጭ ጠመንጃ ይዞ የመጣ ዘመድ ሊሆን አይችልም። አቤቱታችሁን ግን በጽሑፍ፣ የተጎዳውን ማሳ ስፋትና ቀን እየጠቀሳችሁ፣ ቀበሌው ማኅተም እንዲያደርግበት አድርጋችሁ ብታቀርቡ የቃል አቤቱታ ከሚያገኘው የተሻለ ምላሽ ይኖረዋል።

ለባሌ አደን የሚመጣ እንግዳ ጠመንጃውን የሚያስገባው ፈቃድ ባለው የአደን ድርጅት አማካይነት፣ አስቀድሞ በተሰጠ ጊዜያዊ ፈቃድ ነው። ከአሜሪካ ሲወጡም የዚያ አገር ጉምሩክ ጠመንጃውን በቅጽ 4457 ይመዘግበዋል፤ ቅጹ ሲመለሱ ጠመንጃው ከመጀመሪያውም የእርስዎ እንደ ነበረ ማስረጃ ይሆናል።

ሽምብጥ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ዱካ ተከታይ፣ የባሌውን ሐሳብ ትቼዋለሁ፤ አንድ ቀን ከሄድሁም በባለ መነጽሩ ጠመንጃዬ ይሆናል። አጎቴንም የሕግ ባለሙያውን ጽሑፍ አንብቤላቸው፣ ጥቂት ቅር ቢላቸውም ነገሩን ተረድተዋል፤ ማመልከቻውን ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው በጽሑፍ እንዲያቀርቡ ተስማምተናል።

አንድ ጥያቄ ለጋርዶኔ ቀርቶኛል። ባለ ሱቁን በስልክ ሳነጋግረው ከጠመንጃው ጋር ትናንሽ አምራቾች ለ45-70 የሚያዘጋጁትን በጣም ኃይለኛ ጥይት በቅናሽ እንደሚሰጠኝ ነግሮኛል። ሙከራውን በእሱ ላድርግ ወይስ በተለመደው?

ጋርዶኔ

በኃይለኛው አይሞክሩ፤ በነፃ ቢሰጥዎትም አይቀበሉ። የ45-70 ጥይት ስሙ አንድ ሆኖ ሦስት ደረጃ አለው። ጥይት በቤታቸው የሚሞሉ ሰዎች መመሪያ መጻሕፍት ለአሮጌዎቹ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጠመንጃዎች፣ ከምላጩ ሥር ባለ ማንሻ ለሚቀባበሉ ጠንካራ ጠመንጃዎች፣ ከሁሉም ይልቅ ጠንካራ ለሆኑት ባለ አንድ ጥይት ጠመንጃዎች ብለው ለየብቻ ይሠፍሩለታል። ባለ ሱቁ የሚሰጥዎት ዓይነት የተሠራው ለኋለኞቹ ለሁለቱ ጠንካራ ዓይነቶች ነው። ከወፍ ማደኛ የተወለደ ተጣፊ ጠመንጃ ባንድ ቀን ባይሰበር እንኳ መጋጠሚያው በየተኩሱ ይበላል፤ ፍጥነቱም ከፍ ስለሚል ጥይቶቹ ይሻገሩብዎታል፤ እርስዎም ጥፋቱን በማስተካከያው ላይ ይጥሉና ደኅና የነበረውን ያበላሹታል።

በትልልቆቹ ፋብሪካዎች መደበኛ ግፊት ከተሞሉት ባለ 300 ግሬን ማለትም 19.4 ግራም የሆነውንና ባለ 405 ግሬን ማለትም 26.2 ግራም የሆነውን አንዳንድ ሣጥን ይዘው ይሂዱ፤ ሁለቱም ልባስ ያላቸው፣ ውስጣቸውም ለስላሳ እርሳስ የሆነ ይሁኑ፣ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራውን ይተዉት። የትኛው ጎን ለጎን እንደሚያርፍ ካዩ በኋላ በዚያው ይጽኑ። ሣጥኑ ላይ የታተመውን የምርት ቁጥር መዝግበው ከዚያው ምርት ለሁለትና ለሦስት የአደን ወቅት የሚበቃዎትን አንድ ላይ ይግዙ። የቴክሳስ በጋ ብርቱ ስለ ሆነ ጥይቱን መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አይተዉት፤ ባሩድ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል። ከማስተካከያው ብሎን ጎን አሁን ያለበትን ቦታ በነጭ ቀለም ምልክት ካደረጉ በኋላ ብቻ ይንኩት፤ በአንድ ጊዜም ከሩብ ዙር በላይ አያዙሩት፤ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ቀዝቅዞ ቀኝና ግራ እንደ ገና ይተኮሳል። ባለ ሱቁ ለዚህ ሁሉ የሚበቃ ጊዜ በሜዳው ላይ ካልሰጠዎት፣ የሚቀንስልዎትን ገንዘብ ይጠይቁት፤ ማስተካከሉን በኋላ ለጠመንጃ ሠሪ ከፍለው ማሠራትዎ አይቀርምና።